ስድስት ክንድ ከሦስት ጣት

መካነ ሰላም ላይ ቅርጫት ኳስን ማን አመጣው ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ መምህር ቢተው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ሲነሳ ደረቱን ይነፋ ነበር። ቢተው ግን ወሬ ይለውጣል፤ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ስለ ጤፉ ይጠይቃል፣ ካጣም ስለማንም በሬ ይጠይቃል። የማያውቁት ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና አይደለም፤ ጸጸት ነው። ልኩም ይታወቃል፤ አንድ ስንዝር ከአንድ ጣት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ቢተው ደሴ ተምሮ፣ እዚያው ለተማሪዎች ቡድን ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ፣ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ሆኖ ወደ ተወለደበት ቦረና ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ ማን እንደላከው የማይታወቅ፣ ካርቶን ውስጥ የከረመ አንድ የቅርጫት ኳስ ነበረው። የሚወረወርበት ቅርጫት ግን አልነበረውም። ቢተው አናጢው ጋሽ አራጌ ዘንድ ሄደ። ጋሽ አራጌ የቤተ ክርስቲያን በር ቢባል፣ የመስጊድ መስኮት ቢባል፣ የሙሽራ አልጋ ቢባል ያለ እሳቸው የማይሠራ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው ነበሩ። ቁመት ላይ ግን እግዜር ቆጥቦባቸዋል፤ በገዛ እጃቸው በሠሩት በር ሥር ሲቆሙ በሩ ለሌላ አገር ሰው የተሠራ ይመስል ነበር።

«ከመሬት እስከ ቀለበቱ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ነው» አላቸው ቢተው።

«ሜትሩን ተወው፤ በክንድ ንገረኝ» አሉት።

ቢተው በሐሳቡ አሰላ። የራሱ ክንድ፣ ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ፣ ልክ ግማሽ ሜትር ነው። «ስድስት ክንድ ከሦስት ጣት» አላቸውና ወደ ውይይት ክበብ ሮጠ። በዚያ ዘመን ከውይይት ክበብ የቀረ አስተማሪ እንዲሁ «ለምን ቀረህ» ተብሎ ብቻ አይታለፍም ነበር። ማግስቱን ሲመጣ የጥድ ምሰሶዎቹ ቆመው፣ ግርጌያቸው በድንጋይ ተጠቅጥቆ፣ ሰሌዳዎቹ ላይ «ስፖርት ለጤንነት፣ ለምርትና ለሀገር መከላከያ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎ አገኘው። ደስ አለው። መለካት ትዝ አላለውም፤ ያየው ነገር ዓይኑን ሞላው፣ በቃ። ደሴ የተጫወተበትን ቀለበት ከፍታም ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ረሳው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሰባ ዘጠኝ፣ ትምህርት ቤቱ እውነተኛ ቡድን አገኘ። የቡድኑ ምሰሶ መልአኩ የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። መልአኩ በየደረሰበት በር ጉበን የሚላተም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከሒሳብ ጋር ጨርሶ የማይተዋወቅ ልጅ ነው። ኳስ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ዘሎ ቀለበቱን በእጁ ስለሚነካ ከከተማው ሽማግሌዎች ሳይቀር ይህን ለማየት ብቻ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር የሚመጡ ነበሩ።

ውድድሩ በአምስት ትምህርት ቤቶች መካከል ነበር። ሁሉም ከሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ይገጥማሉ፤ አንዱን በሜዳቸው፣ አንዱን በሰው ሜዳ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ለክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮና ደሴ ይሄዳሉ። መጋቢት ሲጋመስ ቢተው ደብተሩን ዘርግቶ የቡድኑን ዕድል ሲመረምር ያገኘው ነገር ግራ ያጋባ ነበር። በሰው ሜዳ አራት ጨዋታ ተጫውተው ሦስቱን ተሸንፈዋል። በሜዳቸው ሁለት ተጫውተው ሁለቱንም ከሃያ ነጥብ በላይ በልጠው አሸንፈዋል። የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች፣ ከወረኢሉና ከአቀስታ ጋር፣ ሁለቱም እዚሁ መካነ ሰላም ናቸው። ሁለቱንም ካሸነፉ ሁለተኛ ሆነው ደሴ ይሄዳሉ፤ አንዱን ከተሸነፉ ቁጭ ነው።

ለሽንፈቱ ምክንያት አልጠፋም። አቀስታ ላይ ብርዱ ነው ተባለ። ወረኢሉ ላይ ጭነት መኪና ላይ ሲንገላቱ መዋላቸው ነው ተባለ። መልአኩ አቀስታ ላይ ዘሎ ቀለበቱን መንካት ሲያቅተው «ብርዱ እግሬን አሰረኝ» አለ፤ ሁሉም አመነው። መካነ ሰላም መጥተው የተሸነፉትም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። አንዱ አሰልጣኝ ልጆቹ የወረወሩት ሁሉ ቀለበቱን እያለፈ ሰሌዳ ሲደበድብ አይቶ «ይህን ሜዳ ጠበል ረጭታችሁታል ወይስ ዱዓ አስደርጋችሁበታል?» ብሎ ጠየቀ። «ሁለቱንም» አለው ቢተው። ተሳሳቁ።

በዚያው ሰሞን የመልአኩ እናት ወይዘሮ ሸዋረግ ቢተው ቤት መጡ። ባላቸው በሰባ ሰባቱ ክፉ ዓመት ሞተው፣ የቀራቸው ይህ አንድ ልጅ ብቻ ነው። የቢተውን እናት በልጅነት ያውቁ ስለነበር «አንተ» እያሉ ነው የሚያናግሩት።

«ልጄ» አሉት ነጠላቸውን እያፍተለተሉ፣ «መልአኩ ትምህርቱን እንደማያልፈው አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ሰኔ ላይ ትምህርቱን ሲጨርስ ቀበሌው ለውትድርና ይጽፈዋል፤ ሊቀመንበሩ ሳያፍር ነግሮኛል። ደሴ ላይ ግን ከኮምቦልቻ የፋብሪካ ሰዎች መጥተው ረጃጅም ልጆች ለቡድናቸው ይመርጣሉ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«የፋብሪካ ሠራተኛ በዋዛ አይነካም ይባላል። እውነት ነው?»

«እንደዚያ ይባላል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ደሴ አድርስልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

ቢተው «አደርሰዋለሁ» አላቸው። ከልቡ ነው ያላቸው። ልጁን ይወደዋል፤ የራሱን የወጣትነት ቁመትና ዝላይ እያየ የሚኮራበት ልጅ ነው።

አሁን ስለ ገበያው ልንገራችሁ፤ ነገሩ የተገለጠው እዚያ ነው። በእኛ አገር ጨርቅ በክንድ የሚገዛ ሰው ብልህ ከሆነ ረጅም ዘመድ ይዞ ይወጣል። ሻጩ በራሱ ክንድ ሊለካ ሲል ገዢው «አይሆንም፣ በዚህ ልጅ ክንድ» ይላል፤ ክርክሩም እሱ ነው። የቢተው ባለቤት ካሰች ደግሞ ከብልሆቹም ብልህ ናት። ለፋሲካ ለልጆቿ ልብስ አቡጀዲ ልትገዛ ስትወጣ መልአኩን አስከትላ ሄደች። ቢተውም ሥራ ስላልነበረው ተከተላቸው።

ነጋዴው አህመድ መልአኩን ገና ከሩቅ ሲያየው ጨርቁን መጠቅለል ጀመረ።

«ወላሂ፣ ወይዘሮ ካሰች፣ በዚህ ልጅ ክንድ አልሸጥም። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሴቶች በየተራ ይዘውት መጥተው ባዶዬን ነው የገባሁት።»

«ክንድ ክንድ ነው፣ አህመድ። እግዜር የሰጠውን ልቁረጥበት?»

«ክንድማ የለም፤ የማን ክንድ ነው ጥያቄው። ይኸው እዩት» አለና የራሱን አጭር ክንድ ከመልአኩ ክንድ ጎን አስተካክሎ ጣውላው ላይ አጋደመው። ከአንዱ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው አራት ጣት ይተርፋል። «አሁን ስድስት ክንድ በኔና ስድስት ክንድ በሱ አንድ ነው? አላህ ያሳያችሁ።»

ገበያተኛው ሳቀ፤ ቢተውም ሳቀ። ከዚያ ግን የራሱን ክንድ ዘርግቶ አየው። ስድስት ክንድ ከሦስት ጣት ያለው እሱ ነው። የማን ክንድ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

ከገበያው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ጥቁር ሰሌዳ የሚሠመርበትን የአንድ ሜትር እንጨት ይዞ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ከመሬት እስከ ቀለበቱ ለካ። ሁለት ሜትር ከሰማንያ አንድ። ወርዶ እንደገና ለካ። ያው ነው። በሌላኛው በኩል ያለውም ያው ነው፤ ጋሽ አራጌ ቢሳሳቱ እንኳ እኩል አድርገው ነው። ቢተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የአቀስታ ብርድ፣ የወረኢሉ መንገድ፣ የጠበሉና የዱዓው ቀልድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባው። ልጆቹ እጃቸውን ያስለመዱት ለዚህ ዝቅ ላለ ቀለበት ነው። እዚህ ማንም አይችላቸውም፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ማንንም አይችሉም።

ጋሽ አራጌን ያገኛቸው በረንዳቸው ላይ ጣውላ ሲልጉ ነው።

«ጋሽ አራጌ፣ ያኔ በማን ክንድ ነው የለኩት?»

«በራሴ ነው እንጂ፣ ክንድ እዋሳለሁ እንዴ?» አሉት። ወዲያው ግን መላጊያውን አስቀመጡ። ጅል ሰው አይደሉም። «ጎደለ?»

«አንድ ስንዝር ከአንድ ጣት።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። ሃምሳ ዓመት ሲሠሩ ተጣሞብኛል፣ ጎድሎብኛል ብሎ የመጣባቸው ሰው የለም። «ስህተቱ የኔ ከሆነ ዛሬውኑ ላርመው። ሰሌዳዎቹን አወርድና ምሰሶዎቹን እቀጥላለሁ። ነገ ማታ ያልቃል።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ነገ ቀለበቱ ከፍ ቢል፣ ለደሴ የሚያበቋቸው ሁለቱ ጨዋታዎች እስኪደርሱ ልጆቹ እጃቸውን አያስተካክሉም፤ አንዱን ከተሸነፉ ደግሞ መልአኩ ደሴን በሕልሙም አያያት። ዝቅ እንዳለ ቢቆይ ያሸንፋሉ፤ ደሴ ግን በዚህ እጅ ምን ይሠራሉ? ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ሁለቱንም ለማግኘት ይመኛል፤ ቢተውም ተመኘ። ያሸንፉ፣ ከዚያ ወዲያው ቀለበቱን ከፍ አድርገን ደሴ እስክንሄድ እንለማመድ አለ። ቀኑን ሲቆጥር አሥራ አንድ ቀን አገኘ።

«ከጨዋታው በኋላ» አላቸው። «እስከዚያ ለማንም አይንገሩ።»

ጋሽ አራጌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፣ ልጄ። ግን ያንተ ነገር ነው» አሉት።

ወረኢሉን በአሥራ አራት ነጥብ፣ አቀስታን በሃያ ሁለት አሸነፉ። አቀስታን ያሸነፉት በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ሜዳው ላይ ነበር። የአውራጃው ሹም ቀለበቱ ሥር ቆሞ የመካነ ሰላም ወጣት ለድል የተፈጠረ ነው አለ። የቢተውን ስም ሦስት ጊዜ ጠርቶ፣ ደሴ እንዲዛወር ለበላይ እጽፋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ቢተው ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው ይህንን ነበር። ደስታውም እውነተኛ ደስታ ነበር፤ አይካድም።

ሰዉ ሳይበተን ጋሽ አራጌ መዶሻቸውን በኩታቸው ደብቀው መጡ። «አሁን ሰሌዳውን እናውርድና ምሰሶውን ልቀጥለው» አሉት በጆሮው። «ከነገ ማታ ጀምሮ ሕማማት ነው። በሕማማት ሚስማር እንደማልመታ ታውቃለህ።»

ቢተው አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ማንም አናጢ በሕማማት ሚስማር አይመታም፤ የጌታ ችንካር የሚታሰብበት ሳምንት ነው። ቢተው ግን አሥራ አንድ ቀን ብሎ ሲቆጥር የቆጠረው እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እንደ ሸዋረግና እንደ አራጌ ቢቆጥር ኖሮ ሦስት ቀን ብቻ እንደቀረው ያውቅ ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካና ሮመዳን ተከታትለው መጥተዋል። ግማሹ ተጫዋች አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ስለሚጾም ሻምፒዮናው በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ሳምንት ተቀርቅሯል።

«ሹሙ ገና አልሄደም» አላቸው ቢተው። «አሁን ድል ያደረግንበትን ቀለበት ብንነቅል ምን ይባላል?»

«ጎደለ ይባላል» አሉት ጋሽ አራጌ።

«ከፋሲካ በኋላ፣ ጋሽ አራጌ።»

ሕማማቱ አለፈ። መልአኩ ሳምንቱን ሙሉ ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ሰነበተ። ፋሲካ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ቢተው ብቻውን ሜዳው ላይ ቆሞ ቀለበቱን አየው። መዶሻ መያዝ ለእሱም አይጠፋውም። ግን ከፍ ቢያደርገው ልጆቹ ለምን ይሉታል። መልሱ ደግሞ ያሸነፍነው በዚህ ነው የሚል ነው። ያን መናገር ሞት ሆነበት። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ጭነት መኪናው መጣ፤ ወይዘሮ ሸዋረግ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ለልጃቸው አቀበሉትና ለቢተው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱት። ቢተው ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።

ደሴ ላይ የሆነው የታወቀ ነው። መልአኩ የወረወረው ሁሉ የቀለበቱን የፊት ከንፈር እየመታ ተመለሰ። ከስምንት ቅጣት ምት አንድ አገባ። የፋብሪካው ሰው መልአኩ ሲገባ ቁመቱን አይቶ ደብተሩን ገልጦ ነበር፤ ጨዋታው ሳይጋመስ ዘጋው። ሁለት ጨዋታ ተሸንፈው አለቀ።

መልአኩ ከሜዳው ውጭ እጆቹን ገልብጦ ገልብጦ ያያቸው ነበር። «ጋሼ፣ እጄ ምን ሆነ?» አለው።

ያን ጊዜ እንኳ ቢነግረው ልጁ የፋብሪካውን ሰው ይለምን ነበር፤ ወይ ቢያንስ በራሱ እጅ ላይ እምነቱ አይጠፋም ነበር። ቢተው «የመንገድ ድካም ነው» አለው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ስንቁ እንጃ እንጂ የቢተው ውሸት እያደር ከበደው።

መልአኩ ፈተናውን አላለፈም። በሰማንያ ጥቅምት ከሌሎች አሥራ ስድስት ልጆች ጋር ከቀበሌው ተወሰደ። ከቁመቱ የተነሳ ከመኪናው ላይ መጨረሻ የጠፋው የእሱ ራስ ነው። ቢተው ሊሰናበተው ሄዶ ነበር፤ ልጁ ከላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ለቡድኑ አዲስ ኳስ ይጠይቁ» አለው።

ጥር ላይ ከማሰልጠኛው ደብዳቤ መጣ። ወይዘሮ ሸዋረግ ማንበብ ስለማይችሉ ይዘውት የመጡት ወደ ቢተው ነው። እንደ ወግ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ጤንነቱን፣ ምግቡን፣ የሰፈሩን ሰላምታ አነበበ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ደረሰ።

«ይህን የሚያነቡልሽ ጋሼ ቢተው መሆናቸውን አውቃለሁና እሳቸውም ይስሙ። እዚህ ሰፈር ውስጥ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። መጀመሪያ እንደ ደሴው አልገባ አለኝ። አንድ የመቶ አለቃ ሲለካው ሦስት ሜትር ከአምስት ሆነ፤ ሕጉም ይኸው ነው አለኝ። የእኛው ከዚህ በስንዝር ዝቅ ያለ መሆኑን በእጄ አውቄዋለሁ። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ከአሥር ዘጠኙን አገባለሁ። ጋሼ፣ ይህን የምጽፈው እርስዎ ስለማያውቁ ነው። ቢያውቁ ኖሮ ያስተካክሉት ነበር። ለሚመጡት ልጆች ከፍ ያድርጉላቸው።»

ቢተው ወረቀቱን አልለቀቀውም።

«እንግዲያው እጁ አልነበረም» አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ። «ተመስገን። ልጄ እጄ ከዳኝ እያለ ነበር የሄደው።» ከዚያ ወደ ቢተው ዞረው ክንዱን ያዙት። «አንተም አትዘን፣ ልጄ። ካላወቅህ ምን ታደርግ።»

ቢተው አፉን ከፈተ። ቃሉ እዚህ ጥርሱ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ግን ፊታቸው ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ብሎ አየው፤ ያንን ልንካ ብሎ አልደፈረም። ወይም ይህ ራሱ ሌላ ምክንያት ይሆናል፤ ምክንያት ጠፍቶበት አያውቅም።

በማግስቱ ጋሽ አራጌን ጠርቶ ቀለበቶቹን ከፍ አስደረገ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሽማግሌው ምሰሶዎቹን ሲቀጥሉ የለኩት በቢተው ክንድ ነው፤ «አምጣ እጅህን» ብለው ምሰሶው ላይ እያስተኙ ስድስት ጊዜ ቆጠሩ።

ማታ ወይዘሮ ሸዋረግ መልስ ሊያስጽፉ መጡ። ቢተው ብዕሩን አዘጋጀ። ስለ ላሚቱ መውለድ፣ ስለ ጎረቤቱ ሰርግ አጻፉት። ከዚያ «አሁን ደግሞ እንዲህ በልልኝ» አሉት። «ጋሼ ቢተው አላወቀም ነበር። አንተ ስትነግረው ነው ያወቀው። በማግስቱም አስተካከለው። ልጄ ሆይ፣ እሱ ላይ ቂም እንዳትይዝ።»

ቢተው ጻፈው። በገዛ እጁ፣ በሚያምረው የአስተማሪ ጽሕፈቱ፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድል ጻፈው። ከታችም እንደ ልማዱ «ጸሐፊው ቢተው» ብሎ ፈረመበት።

መጋቢት ላይ ከሰሜን ጦር ግንባር ክፉ ወሬ መጣ፤ ብዙ ሠራዊት አለቀ ተባለ። ለዚያ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ወይዘሮ ሸዋረግ ግን ፖስታ በሚመጣበት ቀን ሁሉ በትምህርት ቤቱ በር ብቅ ብለው «ልጄ፣ የሚነበብ ነገር የለም?» ይሉታል። ቢተውም «የለም፣ እማማ» ይላቸዋል።